የጎልፍ ሜዳን ከአየር ስንቀርጽ መሬቱን ለምን ጠፍጣፋ እናደርገዋለን?

ዝቅታ በረራ (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። የጎልፍ ሜዳዎችን ለማስተዋወቅ የሚሠሩ የድሮን ቪዲዮዎችን በብዛት እመለከታለሁ፤ አብዛኞቹ ያስቆጩኛል። ካሜራው ጥሩ ነው፣ ሜዳው ያማረ ነው፣ አብራሪውም እጁ የተፍታታ ነው። ሆኖም ድሮኑ ከመነሻው (የመጀመሪያው ምት ከሚመታበት ስፍራ) ተነሥቶ ወዲያው ወደ መቶ ሜትር ይወጣል፣ ካሜራውን ወደ ታች ይደፋል፣ ከዚያም እስከ ግሪኑ (ኳሱ የሚገባበት ቀዳዳ እስካለበት አጭር ሣር) ድረስ ባልተለወጠ ፍጥነት ይንሳፈፋል። ተመልካቹ የሚያየው አረንጓዴ ምንጣፍና በላዩ የተበተኑ ነጫጭ ነጠብጣቦችን ነው። ከነጠብጣቦቹ አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት በላይ የሚጠልቁ የአሸዋ ጉድጓዶች መሆናቸውን ማን ይገምታል?

ጎልፍ የዳገትና የቁልቁለት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ዱላውን ከመምረጡ በፊት የሚያስበው ኳሱ የት እንደሚያርፍ ብቻ ሳይሆን ካረፈ በኋላ ወዴት እንደሚንከባለል ጭምር ነው። በአሜሪካ ያለው የዝነኛው ሜዳ የአውጉስታ ናሽናል 10ኛው ሆል (ከመነሻ እስከ ግሪን ያለው አንዱ የጨዋታ ክፍል) ከመነሻው እስከ ግሪኑ ከ30 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ከአናቱ ቀጥ ብሎ ለሚያይ ካሜራ ግን ያ ሁሉ ቁልቁለት እንደሌለ ነው።

የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ድሮኑ ከ6 እስከ 15 ሜትር ከፍታ ላይ ይቆይ፤ ካሜራው ከአድማሱ በታች ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ብቻ ያዘንብል፤ ፀሐይዋም ዝቅ ብላ ከጎን ትምታ። አድማሱ ከምስሉ ካልጠፋ ዓይን ዳገቱንና ቁልቁለቱን የሚያመሳክርበት መስመር ያገኛል። ከዚያ በላይ መውጣት ምክንያት ይፈልጋል። የምትስማሙም የምትቃወሙም ጻፉልኝ። በተለይ ሜዳ የምትንከባከቡ ሰዎች በመካከላችን ካላችሁ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ።

---

ጥላና ብርሃን

ስለ ከፍታው የተናገርከው ትክክል ነው፤ ነገር ግን የነገሩን ሥር የያዘው ብርሃኑ ነው። ፀሐይ ከአናት በምትሆንበት ሰዓት በ8 ሜትር ብትበር በ80 ሜትር ብትበር ሜዳው ያው ጠፍጣፋ ነው። ጉብታ ጉብታ መሆኑ የሚታወቀው በጥላው ነው። ፀሐይዋ ከአድማስ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ ሳለች የማንኛውም ነገር ጥላ ከቁመቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ይረዝማል። በዚያ ሰዓት በእግርህ ስትሄድ የማታስተውለው የግሪን እጥፋት እንኳ ጎልቶ ይወጣል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሰዓትና ከመጥለቋ በፊት ያለው የመጨረሻ ሰዓት ለፊልም፣ የቀረው ለሌላ ሥራ።

አቅጣጫውም ወሳኝ ነው። ፀሐይ ከኋላህ ከሆነች ጥላው ሁሉ ከነገሩ ጀርባ ይደበቃል፤ በዚያ ላይ የድሮኑ የራሱ ጥላ ሣሩ ላይ እየሮጠ ምስልህ ውስጥ ይገባል። ከፊትህ ከሆነች ጤዛው ያበራል፣ ነገር ግን ሌንሱ በብርሃን ይታጠባል። ከጎን ስትሆን ነው መሬቱ የሚናገረው። 18ቱም ሆሎች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለማይጓዙ የትኛው በጠዋት፣ የትኛው በማታ እንደሚቀረጽ አስቀድሞ ካርታ ላይ ማየት ግድ ነው። ሁሉንም በአንድ ጠዋት እጨርሳለሁ የሚል ሰው ግማሹን በተሳሳተ ብርሃን ይቀርጻል።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላ ነገር የማጨጃው መስመር ነው። ፌርዌይ (ከመነሻው እስከ ግሪኑ ያለው የታጨደ ሣር) ላይ የሚታዩት ደማቅና ጠቆር ያሉ መስመሮች የሣር ዓይነት ልዩነት አይደሉም። ማጨጃው ሣሩን በሄደበት አቅጣጫ ያስተኛዋል። ከተመልካቹ ርቆ የተኛው ሣር የቅጠሉን ጎን ስለሚያሳይ ብርሃን ያንጸባርቃል፣ ፈዘዝ ብሎም ይታያል። ወደ ተመልካቹ የተኛው ጫፉንና ከሥሩ ያለውን ጥላ ስለሚያሳይ ይጠቁራል። ስለዚህ ድሮኑ ዞሮ ሲመለስ ደማቁ ይጠቁራል፣ ጠቆር ያለውም ይደምቃል። በሄድክበትና በተመለስክበት የቀረጽከውን በቅንብር ላይ አጠገብ ላጠገብ ብታስቀምጠው መስመሮቹ ቦታ የተለዋወጡ ይመስላሉ፤ ተመልካቹም ምክንያቱን ባያውቅም ግር ይለዋል። የአንድ ሆል ምስሎች በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይቀረጹ።

ስለ ካሜራው፦ በሴኮንድ 25 ፍሬም ከሆነ ሹተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ይሁን፤ ለዚያ ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ኤንዲ ፊልተር (ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ መስታወት) ያስፈልጋል። ዝቅ ብለህ ስትበር ሣሩ ከሥርህ በፍጥነት ያልፋል፤ ሹተሩ በጣም ፈጣን ከሆነ እንቅስቃሴው እየተቆራረጠ ዓይን ይወጋል። ፖላራይዘር የሚባለው ሌላው ፊልተር የሣሩን ነጭ ነጸብራቅ ይቀንስና አረንጓዴውን ያደምቀዋል። ድሮኑ ሲዞር ግን ውጤቱ በምስሉ መካከል ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ቀጥ ላለ በረራ ብቻ እጠቀምበታለሁ።

---

የሣር ሰው

ሜዳ የምትንከባከቡ ካላችሁ ስለተባለ ልጻፍ። ዕድሜዬን በዚህ ሥራ ላይ ነው ያሳለፍኩት፤ ልጆቼ፣ እባካችሁ ካሜራችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ከእኛ ጋር ተነጋገሩ።

አንደኛ፣ ግሪን በየወቅቱ ይበሳል። አፈሩ ተጠቅጥቆ ሥሩ አየር እንዳያጣ በመሣሪያ ቀዳዳ ቀዳዳ እናደርገዋለን፣ ከዚያም አሸዋ እንበትንበታለን። ለሣሩ ጤንነት የግድ ነው፤ ከአየር ሲታይ ግን በሽታ የወረረው ይመስላል። እስኪያገግም ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። መርሐ ግብሩ በእጃችን ስላለ ብትጠይቁን በደስታ እንነግራችኋለን።

ሁለተኛ፣ ያ የምትወዱት የማለዳ ሰዓት የእኛም የሥራ ሰዓት ነው። ውኃ የሚረጩት ቧንቧዎች ብዙ ጊዜ ሌሊትና ንጋት ላይ ነው የሚሠሩት፤ በድንገት ከመሬት ተነሥተው ድሮናችሁን ሊያጥቡት ይችላሉ። ማጨጃዎቹም ይንቀሳቀሳሉ። በጤዛው ላይ አንድ ሰው ከተራመደ ዱካው ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ይታያል፤ ከላይ ሲታይ ደግሞ ከመሬት ይልቅ ይጎላል። ቀድመን ከተስማማን የምትቀርጹትን ሆል ጤዛ ሳንነካ ለመጨረሻ እንተውላችኋለን፣ ወይም ቀድመን አጭደን አሸዋውን አስተካክለን እናስረክባችኋለን። ቀዳዳውን የሚያመለክተውን ባንዲራም ቢሆን የምንተክልበትን ቦታ ልንመርጥላችሁ እንችላለን። ከፊት ጉብታ ወይም ከአሸዋ ጉድጓድ ጀርባ የተሸሸገ ባንዲራ በዝቅተኛ በረራ አይታይም።

ሦስተኛው ሆዴን የሚያቃጥለኝ ነው። አንድ ቀራጭ ቡድን መጥቶ ግሪኑን ልቅም ያለ ማረፊያ ነው ብሎ ድሮኑንም ሣጥኖቹንም እዚያው ላይ ደረደረ። የግሪን ሣር የሚታጨደው ወደ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የሣጥኑ ማዕዘን የተወው ስርጉድ በላዩ የሚያልፈውን ኳስ አቅጣጫ ያስቀይረዋል። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ደግሞ በእግር መርገጥ እንኳ የበረደውን ቅጠል ይሰብረዋል፤ ፀሐይ ሲሞቅ የረገጣችሁበት ሁሉ ይጠቁራል። የምታርፉበት ጨርቅ ይዛችሁ ኑ፣ ከመንገዱ ዳር ወይም ከረጅሙ ሣር አጠገብ ዘርጉት።

---

ባለ ካርታ

እኔ በአንድ ነገር አልስማማም። ከላይ ቀጥ ብሎ መቅረጽ እንዲህ መወገዝ የለበትም። መሬቱን ጠፍጣፋ የሚያደርገው ከላይ ማየት አይደለም፤ አንድ ምስል ብቻ ወስዶ መሄድ ነው።

ድሮኑ በእኩል ከፍታ ሜዳውን እያረሰ ሲሄድ፣ ምስሎቹም ከ70 እስከ 80 በመቶ እርስ በርሳቸው ሲደራረቡ፣ እያንዳንዱ የመሬት ነጥብ ከተለያየ ማዕዘን ይነሣል። ኮምፒውተሩ ከእነዚህ ማዕዘኖች ከፍታውን ያሰላል። የሚወጣው ውጤት የእያንዳንዱን ግሪን ተዳፋት የሚያሳይ ሞዴል ነው። ለዚህ ሥራ የእኩለ ቀን ብርሃን ወይም ስስ ደመና ይመረጣል፤ ረጃጅም ጥላ ሥራውን ያበላሸዋል። ስለዚህ «ጥላና ብርሃን» ያልፈለገው ሰዓት ለእኛ ነው የሚሆነው።

ለ«የሣር ሰው» ዓይነት ባለሙያዎችም ይጠቅማል። ጤናማ ሣር ለዓይናችን የማይታየውን ለቀይ ቅርብ የሆነውን ኢንፍራሬድ ብርሃን በብዛት ይመልሳል፤ ሲታመም ወይም ሲጠማ ይቀንሳል። ይህንን የሚለካ ካሜራ የተገጠመለት ድሮን ሣሩ በዓይን ቢጫ ሳይሆን ችግር ያለበትን ቦታ ሊጠቁም ይችላል። የተዘጋ የውኃ መርጫ ዙሪያውን ሲያደርቅ፣ የሚያፈስ ቧንቧም አንድ ቦታ ብቻ ሲያለመልም በምስሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ድርቅ ሲሆን ደግሞ ከላይ ማየት ሌላ ነገር ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 የበጋ ወራት በአየርላንድ በጥንታዊው መቃብር በኒውግሬንጅ አቅራቢያ በድሮን የሚበሩ ሰዎች በደረቀው ማሳ ላይ ማንም የማያውቀውን የጥንት ክብ ግንባታ አሻራ አገኙ። ቀድሞ ተቆፍሮ የተሞላ መሬት እርጥበት የሚይዝበት መጠን ከአጠገቡ ስለሚለይ በላዩ ያለው ተክል ቀለሙ ይለያል። የጎልፍ ሜዳም እንዲሁ ነው። ከዘመናት በፊት የተደፈነ የአሸዋ ጉድጓድ፣ የተሻረ መነሻ፣ የድሮ መንገድ በድርቅ ጊዜ ቅርጹ ይወጣል። ያረጀ ሜዳን ወደ ቀድሞ ንድፉ ለመመለስ ለሚሠራ ሰው ይህ ሀብት ነው። በ10 ሜትር ከፍታ እየበረርክ ልታየው አትችልም።

---

ዝቅታ በረራ

«ባለ ካርታ»፣ የልኬት ሥራውን አልተቃወምኩም፤ ያልከውን ሁሉ እቀበላለሁ። እኔ የምናገረው ሰው ተቀምጦ ስለሚያየው ፊልም ነው። ተዳፋቱ በሞዴሉ ውስጥ መኖሩ ለተመልካቹ ምን ይፈይድለታል፣ ዓይኑ ካላየው?

---

የንድፍ ተማሪ

ሁለታችሁንም ሊያስታርቅ የሚችል አንድ ሰው አለ፤ አሊስተር ማኬንዚ ይባላል። አውጉስታ ናሽናልን ከዝነኛው ተጫዋች ከቦቢ ጆንስ ጋር፣ እንዲሁም ሳይፕረስ ፖይንትንና የሮያል ሜልበርንን ምዕራብ ሜዳ የነደፈው እሱ ነው። ሜዳ ነዳፊ ከመሆኑ በፊት ሐኪም ነበር። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት በሕክምና ሲያገለግል የቦር ተዋጊዎች መሬቱን ተጠቅመው እንዴት እንደሚሸሸጉ አስተዋለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ለእንግሊዝ ጦር ምሽጎችን ከጠላት ዓይን በመሰወር ሥራ ላይ ተሰማርቷል። ያንን ጥበብ ወደ ጎልፍ ሜዳ አመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከግሪኑ 30 ሜትር ቀደም ብሎ አንድ የአሸዋ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ በግሪኑ በኩል ያለው ከንፈሩም ከፍ ይላል። ቆሞ ለሚያየው ተጫዋች ጉድጓዱ ግሪኑን የነካ ይመስለዋል፤ በመካከላቸው ያለው ሰፊ ሣር ከጉብታው ጀርባ ስለሚጠፋ ርቀቱን ይሳሳታል። ዱላ ሲመርጥም እንዲሁ ይሳሳታል። ይህ የነዳፊው ወጥመድ ነው፤ የተሠራውም 1.6 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለ የሰው ዓይን ነው።

በስኮትላንድ ያለችው ሴንት አንድሩስም ለዚህ ምስክር ናት። የጥንታዊ ሜዳዋ የኦልድ ኮርስ 12ኛው ሆል ከመነሻው የማይታዩ የአሸዋ ጉድጓዶች አሉት። ሜዳው በአንድ ዘመን ከዛሬው በተቃራኒ አቅጣጫ ይጫወቱበት ስለነበር ከዛሬው መነሻ የተሸሸጉት ጉድጓዶች በዚያኛው አቅጣጫ ለሚመጣ ሰው ግልጽ ነበሩ።

እንግዲህ ድሮን ወጥመዱን ሁለት ጊዜ ሊያሳይ የሚችል ብቸኛው መሣሪያ ነው። ካሜራውን በተጫዋቹ ዓይን ከፍታ ጀምሩ፤ ጉድጓዱ ግሪኑን የነካ ሆኖ ይታይ፣ ጥቂት ሴኮንድም ይቆይ። ከዚያ ድሮኑ ወደፊት ሳይሄድ ባለበት ቀስ ብሎ ወደ 20 ሜትር ይውጣ፣ ካሜራውም ግሪኑን እየጠበቀ ይዘንብል። በጉድጓዱና በግሪኑ መካከል የተሸሸገው ሣር ከጉብታው ጀርባ እየተገለጠ ይመጣል። ቃል ሳይነገር ተመልካቹ ነዳፊው ያሰበውን ይረዳል። ከላይ ብቻ የቀረጸ ወጥመዱን አያውቀውም፣ ከታች ብቻ የቀረጸም ምስጢሩን አይገልጠውም። ታሪኩ ያለው ከታች ወደ ላይ በሚደረገው ጉዞ ውስጥ ነው።

---

ዝቅታ በረራ

ይህ ከጠበቅኩት በላይ ነው። «ከዚያ በላይ መውጣት ምክንያት ይፈልጋል» ብዬ ነበር፤ ምክንያቱን ቁልጭ አድርገህ አስቀመጥከው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

---

ጠንቃቃ አብራሪ

ሁላችሁም ስለ ምስል ትነጋገራላችሁ፤ ስለ ኳሱ ማንም አላነሣም።

የጎልፍ ኳስ ክብደት በሕግ ከ45.93 ግራም አይበልጥም። ትንሽ ይመስላል። በከፍተኛ ውድድር ደረጃ ግን በረጅም ዱላ የተመታ ኳስ በሰዓት ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት ይዞ ይነሣል፤ የሚደርስበት ከፍታም ወደ 30 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ከ6 እስከ 15 ሜትር የተባለው ከፍታ ኳሱ ሲወጣም ሲወርድም የሚያቋርጠው አየር ነው። 20 ሜትር የወጣው የ«የንድፍ ተማሪ» ድሮንም ያው ነው። ድሮኑ ቢመታ ድሮኑ ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ከዚያ ከፍታ የወደቀ ነገር በሰው ራስ ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው።

ስለዚህ ዝቅ ያለ በረራ የሚፈቀደው ሆሉ ለጨዋታ ሲዘጋ ብቻ መሆን አለበት። ይህም አጎራባቹን ሆል ይጨምራል፤ የተጣመመ ምት የሚያርፈው እዚያ ነው። መዘጋት ብቻውንም አይበቃም። ኦልድ ኮርስ በተለመደው ሥርዓት እሑድ ለጨዋታ ዝግ ነው፣ ሕዝቡ ግን ይንሸራሸርበታል። ከአብራሪው ጎን ሰማዩንና ሰዉን ብቻ የሚጠብቅ ሁለተኛ ሰው ይቁም፤ ከሜዳው አስተባባሪ ጋርም በሬዲዮ ይገናኝ።

ደንቡን በተመለከተ በአውሮፓ ኅብረት በክፍቱ ምድብ (ልዩ ፈቃድ በማይጠይቀው የበረራ ዓይነት) ከመሬት 120 ሜትር፣ በአሜሪካ 400 ጫማ ማለትም 122 ሜትር ገደማ ነው ጣሪያው። በሁለቱም ድሮኑ ከዓይን ዕይታ መውጣት የለበትም። 18 ሆል ያለው ሜዳ ሰፊ ነው፣ ዛፍም ይጋርዳል፤ ከክለቡ ሕንፃ ደጃፍ ተቀምጦ 14ኛውን ሆል መቅረጽ ደንብ መጣስ ነው። አብሮ መንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ከአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ ሜዳ ከሆነም የአየር ክልሉን አስቀድሞ ማረጋገጥና ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመለማመጃው ሜዳ ዙሪያ በረጃጅም ምሰሶ ላይ የተወጠረ መረብ ካለ አጠገቡ አትብረሩ። ክሩ ቀጭን ስለሆነ የድሮኑ መሰናክል ጠቋሚ አያየውም፣ እናንተም በስክሪኑ ላይ አታዩትም።

---

ጀማሪዋ

ይህን ውይይት ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከ250 ግራም በታች የሆነ ትንሽ ድሮን አለኝ። በባሕር ዳርቻ ያለ አንድ የጎልፍ ክለብ ትንሽ ቪዲዮ እንድሠራለት ጠይቆኛል። ሁለት ጥያቄ አለኝ። ድሮኑ ትንሽ ስለሆነ ከደንቡ ነፃ ነኝ ማለት ነው? ነፋሱንስ እንዴት ልቋቋመው?

---

ጠንቃቃ አብራሪ

እኅቴ፣ ነፃ አይደለሽም። ክብደቱ አንዳንድ ግዴታ ያቀልልሻል እንጂ ሁሉንም አያነሣልሽም። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ካሜራ የያዘ ድሮን አሻንጉሊት እስካልሆነ ድረስ ክብደቱ ቢያንስም ባለቤቱ ይመዘገባል። በአሜሪካ ደግሞ የክለብ ማስተዋወቂያ መሥራት ክፍያ ባይኖረውም እንደ መዝናኛ በረራ አይቆጠርም፤ የአብራሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያለሽበትን አገር የሲቪል አቪዬሽን ደንብ አንብቢ፤ የክለቡንም ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ።

---

የባሕር ነፋስ

ስለ ነፋሱ እኔ ልመልስልሽ፤ የምቀርጸው ባሕር ዳር ነውና።

መጀመሪያ ነፋሱን እየተጋፈጥሽ ሂጂ፣ ስትመለሺ ነፋሱ ይግፋሽ። በተቃራኒው ካደረግሽው ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ቤት ያለሽ ይመስልሻል፤ የመመለሻው መንገድ ግን ሁለት እጥፍ ኃይል ይበላል። መሬት ላይ የሚሰማሽን ነፋስ አትመኚው፣ ከዛፍ ወይም ከአሸዋ ኮረብታ በላይ ስትወጪ ይበረታል። የባንዲራውን ጨርቅ ተመልከቺ፤ ቀጥ ብሎ ከተወጠረ ለትንሽ ድሮን ቀኑ አይደለም።

ከሆል ወደ ሆል ስትዘዋወሪ ድሮኑን ባነሣሽበት ቦታ ሁሉ የመመለሻ ነጥቡ እንደ አዲስ መመዝገቡን አረጋግጪ። በአየር ላይ እንዳለ አንቺ ወደፊት ከሄድሽ፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥ የሚመለሰው አንቺ ወዳለሽበት ሳይሆን ወደ ተነሣበት ነው። የመመለሻውን ከፍታም በሜዳው ካለው ረጅሙ ዛፍ በላይ አድርጊው።

ውኃ ላይ ዝቅ ብለሽ አትብረሪ። ከሥሩ ያሉት ጠቋሚዎች የሚንቀሳቀሰውን ውኃ መሬት አድርገው ስለሚያነቡት ከፍታውን ሊስቱ ይችላሉ። ስትጨርሺ ሌንሱንና አካሉን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው፤ የባሕር ጨው ሞተሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል።

---

አንድ ትንፋሽ

ማንም ስለ ኤፍፒቪ (የድሮኑ ካሜራ የሚያየውን በመነጽር እያዩ ስለሚበርሩት በረራ) አላነሣምና ልጻፍ። መነጽር አድርጌ በእጄ ነው የምበርረው፤ አንድ ሆል ከመነሻ እስከ ጉድጓድ ሳይቆረጥ። በዛፎቹ መካከል ገብቶ፣ በአሸዋው ጉድጓድ ከንፈር ላይ ተንሸራትቶ፣ ከግሪኑ ጀርባ ተጠምዝዞ የሚወጣ ምስል ከተረጋጋው ድሮን አይገኝም። መሬቱን የሚከተለው ድሮን ነው ውጣ ውረዱን በአካል የሚያስቀምሰው። ጉብታው ሲመጣ እወጣለሁ፣ ሲያልፍ እወርዳለሁ፤ ተመልካቹም ሆዱ ውስጥ ይሰማዋል። «ጠፍጣፋ» የሚለው ቅሬታ በእኛ ዘንድ የለም።

---

ዝቅታ በረራ

በአንድ በኩል እውነትህን ነው። ስጋቴ ፍጥነቱ ነው። በጣም ሲፈጥን 400 ሜትር የሚረዝም ሆል አጭር ይመስላል፤ ተመልካቹ ኳሱ የሚያርፍበትን ስፍራ አይቶ ሳይጨርስ አልፏል። ተጫዋች ቆም ብሎ የሚያስብበት ቦታ አለ፤ ካሜራውም እዚያ መዘግየት አለበት። ኳሱ ከመነሻው ተመትቶ የሚያርፍበት አካባቢ፣ ፌርዌዩ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ማዕዘን፣ የግሪኑ መግቢያ፤ በእነዚህ ሦስቱ ላይ ብትዘገይልኝ ሌላውን እንደፈለግህ ብረር።

---

አንድ ትንፋሽ

ይህ የሚሞከር ነው። መታጠፊያው ላይ ፍጥነት ቀንሶ ድሮኑን ማዘንበል ይቻላል። መነጽር ላደረገ አብራሪ ድሮኑን በዓይኑ የሚከተል ሁለተኛ ሰው ግዴታ መሆኑን ግን «ጠንቃቃ አብራሪ» ሳይቀድመኝ እኔው ልናገር።

---

የቅንብር ክፍል

ስለ ሣር ከእኔ አንድ ቃል። ቪዲዮ የሚጨመቀው ከፍሬም ወደ ፍሬም ያልተለወጠውን በመተው ነው። ሰማይና ጸጥ ያለ ውኃ በቀላሉ ይጨመቃሉ። ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ሣር ግን እያንዳንዱ ቅጠል በእያንዳንዱ ፍሬም ይለወጣል፤ መጭመቂያው አቅም ሲያንሰው ቅጠሉን አጥፍቶ አረንጓዴ ጭቃ ያስቀምጣል። ካሜራችሁ የሚፈቅደውን ከፍተኛውን ቢትሬት (በሴኮንድ የሚመዘገበውን የመረጃ መጠን) ምረጡ። በካሜራው ውስጥ ያለውን የማሾል ማስተካከያ ቀንሱት፤ ሰው ሠራሽ ሹልነት የሣሩን ጫፎች ያንቀጠቅጣቸዋል። የሣሩንም ቀለም አታጋንኑ። ተጫዋች ሜዳው ላይ ሲደርስ ያላየውን አረንጓዴ በቪዲዮ ማሳየት ማታለል ነው።

---

የሣር ሰው

በመጨረሻው ነገር እጅግ ደስ ብሎኛል። ጤናማ ሣር ሁሉ ጥቁር አረንጓዴ አይደለም። ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ኳስ የሚያንከባልል የባሕር ዳር ሜዳ ቡናማና ቢጫ ሲቀላቅል ውበቱ እሱ ነው። በቀለም ስታድሱት እኛ ውኃ እንድናበዛ ግፊት ታደርጉብናላችሁ፤ ሰዎች በቪዲዮ ያዩትን አረንጓዴ ይጠይቁናልና።

ወፎችንም አስቡ። ጎጆ በሚሠሩበት ወራት ከረጅሙ ሣርና ከኩሬው ዳር ራቁ። ጭልፊትና የባሕር ወፍ ድሮኑን እንደ ጠላት ያሳድዱታል፤ ሲመጡባችሁ ሥራውን አቁማችሁ ውረዱ። ሜዳውን የሚያዋስኑ ቤቶች ካሉም ካሜራችሁ ጓሯቸውን እንዳያይ አቅጣጫ ምረጡ፤ አስቀድሞ ማሳወቅም ጨዋነት ነው።

---

ጀማሪዋ

ጋሼ፣ ስለ ቀለሙ የተናገሩትን ለክለቡ ሰዎች አነብላቸዋለሁ፤ የእነሱም ሜዳ በዚህ ወር ቡናማ ነው፣ አረንጓዴ አድርጊው ብለውኛልና። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከ18ቱ ሆሎች የትኛውን ብጀምር ይሻለኛል? ረጅሙ ፓር 5 (በአምስት ምት ይጠናቀቃል ተብሎ የሚጠበቀው ሆል) ባሕሩን ያዋስናል፣ እሱ ነው ያማረኝ።

---

ዝቅታ በረራ

በፓር 3 ጀምሪ። ከመነሻው እስከ ግሪኑ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ በአሜሪካ ያለው የቲፒሲ ሶውግራስ ሜዳ ዝነኛው 17ኛ ሆል፣ ግሪኑ በውኃ የተከበበው፣ 125 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መነሻው አጠገብ ቆመሽ ድሮኑን ከዓይንሽ ሳታጠፊ ሙሉውን ሆል ልትቀርጺ ትችላለሽ፤ ብርሃኑም ሳይለወጥ ደጋግመሽ ለመሞከር ጊዜ ታገኛለሽ። በዚያ ላይ የምቱ ሐሳብ አንድ ብቻ ስለሆነ ምስሉም አንድ ሐሳብ ይበቃዋል። በዓይን ከፍታ ጀምረሽ፣ «የንድፍ ተማሪ» እንዳለው ባለሽበት ቀስ ብለሽ ውጪ፣ ከዚያ ወደ ግሪኑ ተጓዢ። ፓር 5ቱን ነፋሱ ሲረጋና የሚጠብቅልሽ ሁለተኛ ሰው ስታገኚ ትመለሺበታለሽ። የክለቡን ስም ሳትጠቅሺም ቢሆን የቀረጽሽውን እዚህ አሳዪን።